ዝናቡ መሬት ሳይነካ

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በያኔዋ ደቡብ ሮዴዢያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ኖርማን ሃድሰን የተባለ የአፈር ጥበቃ ተመራማሪ ሁለት እኩል ቁራጭ መሬቶችን ጎን ለጎን አዘጋጅቶ አንድ ሙከራ ጀመረ። ሁለቱም መሬቶች ራቁታቸውን ነበሩ፤ አረም ብቅ ባለ ቁጥር ስለሚነቀል ምንም ነገር አይበቅልባቸውም። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነበር። በአንደኛው ላይ፣ ለወባ ትንኝ መከላከያ መስኮት ላይ የሚወጠረው ዓይነት ስስ የሽቦ ወንፊት ከመሬት ከፍ ብሎ ተዘርግቷል። ወንፊቱ ዝናብ አያስቀርም፤ ከላይ የወረደው ውኃ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከታች ይደርሳል። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ትልልቁን ጠብታ ሰባብሮ ወደ ደቃቅ ርጭት መለወጥ ነው። ሙከራው ለአሥር ዓመት ያህል ቀጥሎ ውጤቱ ሲታይ፣ ከተጋለጠው መሬት የታጠበው አፈር ወንፊት ከተዘረጋበት ከታጠበው ከመቶ እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ዝናቡ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ ተዳፋቱም አንድ ነበር፤ የተለየው ጠብታው መሬቱን የሚመታበት ኃይል ብቻ ነው።

ስለ አፈር መሸርሸር ስናወራ ብዙ ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው በጎርፉ ላይ ነው። ደፍርሶ የሚወርደው ወንዝ፣ ማሳውን ለሁለት የከፈለው ቦረቦር፣ የተናደው እርከን ይታያል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ሪፖርት ይጻፍበታል። ጎርፉ ግን የነገሩ መጨረሻ ነው። መጀመሪያው ጠብታው ከደመና ወርዶ መሬት እስኪነካ ባለው መንገድ ላይ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ቅጠል፣ ሣር፣ ገለባ ወይም የረገፈ ብስባሽ ቢያጋጥመው አንድ ነገር ይሆናል፤ ምንም ባያጋጥመው ሌላ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይነሣል። አፈርን በዋናነት የሚያድነው ከላይ የሚታየው ልምላሜ ሳይሆን ለመሬቱ እጅግ የቀረበው ሽፋን ነው፤ እሱም ቢሆን ዝናቡ በሚበረታባቸው ሳምንታት በቦታው ከተገኘ ብቻ። ይህን ከተቀበልን ስለ ዛፍ ተከላ፣ ስለ ጤፍ እርሻና ስለ ጭድ የለመድናቸው አንዳንድ ሐሳቦች መስተካከል ይኖርባቸዋል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ 10 ቶን ውኃ ነው። 50 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ አንድ የክረምት ዶፍ በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር ገደማ መሬት ላይ፣ 125 ቶን ውኃ ያፈሳል። ይህ ሁሉ ክብደት ለቁጥር በሚታክቱ ጠብታዎች ተከፋፍሎ ነው የሚወርደው፤ ጉዳቱም በጠብታው መጠን ይወሰናል። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠብታ በሰከንድ 4 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ 5 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ 9 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ። ትልቁ ጠብታ የትንሹን 125 እጥፍ ውኃ ይይዛል፤ ፍጥነቱም ከትንሹ ከእጥፍ በላይ ነው። ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን የመምቻው ጉልበት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ሁለቱ ተባዝተው የአንዱ ትልቅ ጠብታ ምት የትንሹን ከ600 እጥፍ በላይ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ እኝኝ ሲል የሚውል ካፊያ ማሳውን አርጥቦ ብቻ ሲያልፍ፣ ግማሽ ሰዓት ያልሞላው ዶፍ አፈሩን ይዞት የሚሄደው ለዚህ ነው። የእኛ ደጋ ደግሞ በዚህ በኩል አልታደለም። ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ በትግራይ ደጉዓ ተምቤን አካሂደው በ2005 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው የአካባቢው የዝናብ ጠብታዎች ትልልቅ ናቸው፤ ስለዚህ እዚያ የሚወርደው ዝናብ በሌላ አገር ከሚወርደው አቻው የበለጠ ጉልበት ይዞ መሬት ይደርሳል።

ጠብታው የተጋለጠ አፈር ላይ ሲያርፍ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛውን ዓይን ያየዋል፤ አፈሩ ከውኃው ጋር ይፈናጠራል። አሜሪካዊው ደብልዩ. ዲ. ኤሊሰን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን ፍንጣሪ በዝርዝር ለክቶ ውጤቱን እስኪያሳትም ድረስ፣ መሸርሸርን የሚጀምረው በመሬት ላይ የሚወርደው ውኃ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሙያው ሰዎች ዘንድ ሰፍኖ ነበር። እሱ ያሳየው ጠብታው ራሱ አፈሩን ፈልቅቆ እንደሚያነሣና ወራጁ ውኃ በአመዛኙ አጓጓዥ እንደሆነ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ግርጌው ከዝናብ በኋላ በጭቃ ተረጭቶ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ነገር ግን አይታይም፤ ጉዳቱም ይብሳል። ጤናማ አፈር ደቃቅ ቅንጣቶች ተያይዘው የሠሯቸው ጥቃቅን ጓሎችና በመካከላቸው ያሉ ክፍተቶች ድምር ነው። ምቱ ጓሎቹን ሲያደቃቸው የወጣው ዱቄት ክፍተቶቹን ይደፍናል፤ ማሳውም ብዙ ሳይቆይ በስስ ቅርፊት ይሸፈናል። ከዚያ ወዲያ ውኃው መስረግ ትቶ ይንሸራተታል። ቅርፊቱ ሲደርቅ ደግሞ ጠንክሮ ቡቃያ እንዳይወጣ ያግዳል። እንግዲህ ጎርፍ የዝናብ ብዛት ብቻ የሚፈጥረው አይደለም፤ የአፈሩ መደፈንም አለበት። ሽፋን ያለው ማሳ ጎርፉ የሚያንስበት ዋናው ምክንያት ገለባው ውኃውን ስለመጠጠ አይደለም፤ ከገለባው ሥር ያለው አፈር ሳይደፈን ስለቆየ ነው።

ቅጠል ላይ ያረፈ ዝናብ ሦስት መንገድ አለው። ከፊሉ እዚያው ቅጠሉ ላይ ቀርቶ ይተናል፤ ከፊሉ በቅርንጫፍና በግንድ ተንሸራቶ ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ የቀረው በቅጠሎች መካከል ሾልኮ ያልፋል ወይም ከቅጠል ጫፍ ይንጠባጠባል። ዛፍ በቅጠሉ ላይ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ውኃ ከምንገምተው በጣም ያነሰ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከሥሩ የተነጠፈው የረገፈ ቅጠልም እንደ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጨምራል። በግንድ የሚወርደው ድርሻ በአብዛኛው ዛፍ ላይ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ሲሆን፣ እንደ በቆሎ ቅጠላቸው ውኃውን ወደ አገዳው በሚመልስ ተክሎች ላይ ግን ከፍ ይላል። ይህ ማለት 5 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ካፊያ ጥቅጥቅ ያለ ደን ላይ ቢዘንብ ጉልህ ድርሻው አፈር ሳይነካ ይቀራል፤ 50 ሚሊ ሜትር የሚያወርደው ዶፍ ሲመጣ ግን ቅጠሉ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይሞላና የቀረው ሁሉ ወደ ታች ያልፋል። «ደን ዝናቡን መጥጦ ያስቀረዋል» የሚለው የተለመደ አነጋገር እንግዲህ ለካፊያው እውነት ነው፤ ለምንፈራው ዶፍ ግን እምብዛም አይሠራም። በዶፍ ጊዜ ሽፋኑ የሚሰጠን አገልግሎት ሃድሰን በወንፊቱ ያሳየው ነው፤ ውኃውን አይቀንስም፤ ጉልበቱን ይሰብራል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ የሚናቅም አይደለም። ቅጠል ላይ ቀርቶ የተነነ ውኃ ለሰብልም ለምንጭም አይደርስም፤ ታዲያ ውኃ በሚያጥርበት አገር ሽፋን ማብዛት ዝናብን ማባከን አይሆንም ወይ? በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ልኬቶች እንደሚያመለክቱት ደን በዓመት ከሚያገኘው ዝናብ ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ከቅጠል ላይ በትነት ይመለሳል፤ መርፌ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ደግሞ ከሰፋፊ ቅጠሎቹ የበለጠ ያስቀራሉ። ይህ ትንሽ ሂሳብ አይደለም። ዝናብ በሚያጥርበት ተፋሰስ አናት ላይ ጥቅጥቅ አድርጎ ዛፍ መትከል የታችኛውን ምንጭ ሊያሳንስ እንደሚችል የሚያስጠነቅቁ ባለሙያዎች እውነት አላቸው። መሬት ላይ በሚነጠፍ ጉዝጓዝ ግን ሂሳቡ ይለወጣል። ገለባው ከካፊያው የተወሰነ ቢያስቀርም፣ ከሥሩ ያለውን እርጥበት ከፀሐይና ከነፋስ ስለሚከልል ያስቀረውን በትነት መቀነስ ይክሳል፤ ከዶፉም በጎርፍ ሊሄድ የነበረውን ውኃ ወደ ውስጥ ያሰርጋል። ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው ስለ ረጃጅም ዛፎች ሲነሣ ነው። ሣርና ገለባ ላይ ሲነሣ አይጸናም።

ስለ ረጃጅም ዛፎች ካነሣን ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ነገር አለ። ቅጠል ላይ ያረፉ ትንንሽ ጠብታዎች ተሰብስበው ከጫፉ ሲወርዱ ከመጀመሪያው የበለጠ ትልቅ ጠብታ ይሆናሉ። ጠብታው ከ8 ወይም ከ10 ሜትር ከፍታ ከወደቀ ከደመና ሲወርድ ይኖረው የነበረውን ፍጥነት መልሶ ሊያገኝ ምንም አይቀረው። ስለዚህ ረጅም ዛፍ ከሥሩ ያለው መሬት ባዶ ከሆነ ዝናቡን ከማብረድ ይልቅ ሊያባብሰው ይችላል። ነገሩ እንደ ዛፉ ዓይነት ይለያያል። ሆልና ካልደር በ1993 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሥራ ሰፋፊ ቅጠል ካለው የቲክ ዛፍ የሚንጠባጠበው ጠብታ አማካይ ውፍረት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን፣ መርፌ ቅጠል ካለው የካሪቢያን ፓይን የሚወርደው ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ተገኝቷል። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት በአካሽያ ተከላ ውስጥ የተመራመረው ሆላንዳዊው ፍሬርክ ዊርሱም ደግሞ ጥያቄውን በቀጥታ ፈተነው፤ የረገፈውን ቅጠል ሲያነሣው መሸርሸሩ እጅግ ጨመረ፤ ቅጠሉ በቦታው ሲተው አፈሩ ተጠብቆ ቆየ። ዛፎቹ በሁለቱም ጊዜ እዚያው ነበሩ። እንግዲህ በደን ውስጥ አፈርን የሚጠብቀው በአመዛኙ ደኑ የጣለው ቅጠል ነው፤ ከላይ ያለው አክሊል ዋና ውለታው ያንን ቅጠል በየዓመቱ ማርገፉ ነው።

ይህ ግኝት ወደ እኛ አገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስታውሰው እንጦጦን ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባህር ዛፍ የአዲስ አበባን ተራሮች አልብሶ የከተማዋን ማገዶ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሸከም ኖሯል። ለአሥርት ዓመታት እናቶችና ልጃገረዶች የረገፈውን ቅጠልና ጭራሮ ጠርገው በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ ያወርዱ ነበር፤ ቅጠሉ ለእንጀራ ምጣድ የሚፈለግ ማገዶ ነው። ኑሮ ነውና በእነሱ ላይ የሚፈርድ ሰው ራሱን ይጠይቅ። ከአፈሩ አንጻር ሲታይ ግን ከተራራው የተወሰደው ከዛፉ ሁሉ ዋናው ክፍል ነበር። ባህር ዛፍ ከሥሩ ሣር እምብዛም አያስበቅልም፤ ቅጠሉ ጠባብና ወደ ታች የተንጠለጠለ ስለሆነ ብዙ ውኃ አይዝም፤ የረገፈው ሲጠረግ ደግሞ መሬቱ ራቁቱን ከረጅም ዛፍ ሥር ይቀራል። «ባህር ዛፍ መሬት ያበላሻል» የሚለው የዘመናት ክስ ብዙ ነገር አደባልቆ የያዘ ነው፤ ከውስጡ ቢያንስ አንዱ ክፍል የዛፉ ጥፋት አይደለም፤ የመጥረጊያው ነው። በሌላው ጫፍ በጎጃምና በጎንደር ኮረብታዎች ላይ የቀሩትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች እናገኛለን። እዚያ ትልልቁ ዛፍ፣ ቁጥቋጦው፣ ሐረጉና ብስባሹ ተደራርበው ስለሚገኙ ጠብታው በየደረጃው ይሰበራል። ሆኖም ከብት የሚገባባቸው ደኖች ከሥራቸው እየሳሱ መጥተዋል። በዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና በአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ላውማን ጥረት በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር መሠራቱ ትልልቁን ዛፍ ከማዳን ባልተናነሰ የሥሩን ልምላሜ ለማዳን ይጠቅማል።

ደን ያው ደን ነው፤ የአገሪቱ አፈር በብዛት የሚሄደው ግን ከማሳ ነው። በ1981 (እ.ኤ.አ.) ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም አንጀኒን፣ አንዲት ጥድንና ማይባርን በመሳሰሉ ጣቢያዎች ዝናብ፣ ጎርፍና ደለል ሲለካ ኖሯል። የፕሮግራሙ መሥራች ሃንስ ሁርኒ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። ሁርኒ የአሜሪካኖቹን የመሸርሸር ማስሊያ ቀመር በ1985 (እ.ኤ.አ.) ለኢትዮጵያ ሲያስማማ ለየሽፋኑ ዓይነት አንድ ቁጥር ሰጠ። ያለማቋረጥ ባዶ የተተወ መሬት 1 ቢባል ጥቅጥቅ ያለ ደን 0.001፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣር 0.01፣ በቆሎና ማሽላ 0.10፣ ሌሎች የብርዕና የጥራጥሬ ሰብሎች 0.15፣ ጤፍ ደግሞ 0.25 ነው። የሁላችን ገበታ የሆነው ሰብል በአፈር አያያዝ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ቁጥሩ ግራ ያጋባል። በመስከረም የጤፍ ማሳ ያየ ሰው መሬት የሚባል ነገር አይታየውም፤ ከረድፍ ወደ ረድፍ ሰፊ ባዶ ቦታ ያለው በቆሎ ነው። ምስጢሩ ያለው በጊዜው ላይ ነው። በአብዛኛው አካባቢ በቆሎ ቀደም ብሎ ስለሚዘራ ክረምቱ ሲበረታ ቁመቱ አድጎ ቅጠሉ ገጥሟል። የጤፍ ዘር ግን እጅግ ደቃቅ ነው፤ አንድ ግራም ውስጥ ከ2,500 በላይ ፍሬ ይገኛል። እንዲህ ያለ ዘር ጓል ባለበት መሬት አይበቅልም ተብሎ ማሳው ከገመሳ ጀምሮ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ በአንዳንድ ቦታ ከብት ይነዳበትና ይረገጣል፤ ከዚያ በሐምሌ ይዘራል። ስለዚህ ዶፉ በሚበረታበት በዚያው ወር መሬቱ ዱቄት ሆኖ፣ ካለፈው ዓመት ገለባ አንድም ሳይቀርለት፣ ቡቃያውም ገና ሳይሸፍነው ይገኛል። የዓባይ ውኃ ደለል የሚወፍረው ወንዙ በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ከመድረሱ አስቀድሞ መሆኑም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ነሐሴ ሲያልቅ ዝናቡ ገና ነው፤ ማሳው ግን ለብሷል። በመስከረም የምናደንቀው ልምላሜ ለአፈሩ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ በኅዳር ታጭዶ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ሰኔ መሬቱ እንደገና ባዶውን ዝናቡን ይቀበላል።

በሰኔና በሐምሌ ማሳውን ሊሸፍነው የሚችለው እንግዲህ ካለፈው ምርት የቀረው ተረፈ ምርት ብቻ ነው። ገለባ ከዛፍ የሚበልጥበት ነገር ቦታው ነው። መሬቱን ነክቶ ስለሚተኛ ከእሱ በታች ጠብታ መልሶ ፍጥነት የሚያገኝበት ከፍታ የለም፤ የሚወርደውንም ውኃ እየገደበ ያዘገየዋል። ናይጄሪያ ኢባዳን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ምርምር ተቋም ራታን ላል በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረገው ምርምር በሄክታር ከ4 እስከ 6 ቶን ጉዝጓዝ በተነጠፈበት መሬት ላይ፣ ተዳፋቱ 15 በመቶ በሆነበት ቦታ እንኳ፣ የአፈር መታጠቡ ከሞላ ጎደል ቆሟል። ያን ያህል ገለባ ማሳው ላይ የሚተው የኢትዮጵያ ገበሬ የት ይገኛል? የትም። ደግነቱ ሽፋንና ጥቅም እኩል አይራመዱም፤ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከመጀመሪያው ጥቂት ገለባ ነው። ከመሬቱ 30 በመቶው ብቻ ሲሸፈን መሸርሸሩ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ የአሜሪካ የግብርና ባለሙያዎች አፈር ጠባቂ እርሻ የሚሉትም ከዘር በኋላ ቢያንስ 30 በመቶ ሽፋን የቀረበትን ማሳ ነው። አንድ ቶን የስንዴ ገለባ በአንድ ሄክታር ላይ እኩል ቢበተን 40 በመቶ ገደማ ይሸፍናል። ሊታሰብ የሚችለው እንዲህ ያለው መጠን ነው።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ የሚመጣው ከገበሬው ነው፤ ሊሰማም ይገባል። ጭድ ትርፍ ነገር አይደለም። በሬው በጋውን የሚሻገረው በእሱ ነው፤ ቤት የሚመረገው የጤፍ ጭድ በተቦካበት ጭቃ ነው፤ የማሽላና የበቆሎ አገዳ ማገዶም አጥርም ነው። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ የግጦሽ መሬት እየጠበበ በሄደ መጠን የከብቱ ቀለብ ወደ ተረፈ ምርት ዞሯል። ገበሬው አንድ ነዶ ገለባ ለአፈሩ ቢተው ጥቅሙን የሚያየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ በሬው ግን ዛሬ ማታ ይራባል። ይህን በስብከት ማለፍ አይቻልም። ሆኖም ተቃውሞው ጠንከር ብሎ ሲመረመር ዋናው እንቅፋት ጭዱን ከበሬው ጋር መካፈሉ ሆኖ አይገኝም። ገበሬው ከፍ አድርጎ አጭዶ አንድ ሦስተኛውን ቢተው እንኳ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ የመንደሩ ከብት ሁሉ ማሳው ላይ ይለቀቃል፤ የተወውን የጎረቤቱ ከብት ይበላዋል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ገለባ መተው ሞኝነት ነው፤ ገበሬውም ሞኝ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ለአንድ ገበሬ የሚቀርብ ምክር ሳይሆን ልቅ ግጦሽን በመንደር ስምምነት የመገደብ፣ በእርከን ላይ መኖ ሣር የመትከልና አጭዶ የመመገብ ጉዳይ ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም ከዚህ አይለይም፤ ከምድጃው የተረፈው አገዳና ኩበት ወደ ማሳ የመመለስ ዕድል ያገኛል።

ሌሎችም ችግሮች አሉ፤ ባጭሩ ልለፋቸው። በወለጋ አንዳንድ አካባቢ ማሳ ላይ የተተወ ገለባ ክረምት ሳይደርስ የምስጥ ሲሳይ ይሆናል። ውኃ በሚቋጥር መረሬ መሬት ላይ ጉዝጓዝ እርጥበቱን አብዝቶ ሰብሉን ሊጎዳ ይችላል። እርሻ ሲቀንስ አረም ይበዛል፤ ያኔ ወይ የሰው ጉልበት ወይ ፀረ አረም መድኃኒት ያስፈልጋል። ጉዝጓዝ በሁሉም መሬት አንድ ዓይነት አይሠራም ማለት ነው፤ ይህን የሚደብቅ የኤክስቴንሽን ምክር ገበሬው በሁለተኛው ዓመት ይተወዋል።

እርከኑስ? ሕዝቡ በየዓመቱ ወጥቶ የሚሠራው እርከን አፈሩን ይዞ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ይዟል። ነገር ግን እርከን የሚይዘው ቀድሞ የተፈለቀቀውንና ተንሸራትቶ የመጣውን አፈር ነው፤ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው መሬት በጠብታ መመታቱን፣ መደፈኑንም አይከለክልም። ያለ ሽፋን የተሠራ እርከን በየዓመቱ በደለል ይሞላል፤ መጠገንም ይፈልጋል። ቦረቦርን በተመለከተ ደግሞ ለሽፋን ብዙ መመካት አይገባም። በጎጃም ዓይነት ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ክረምቱ ሲገፋ የሸለቆው ግርጌ በውኃ ይጠግባል፤ ያን ጊዜ ሣር ቢኖርም ባይኖርም የወረደው ውኃ ይፈስሳል። ለዚያ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ክትር፣ ማፋሰሻና የመሳሰለው። ሽፋን የሚያድነው ተዳፋቱን ነው።

ሽፋን ምን ያህል መሆን እንዳለበት ከራሳችን መሬት የተገኘ ማስረጃ አለን። በትግራይ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረጉ ተዳፋቶችን ያጠኑት ካትሪን ዴስኬማከርና ባልደረቦቿ በ2006 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳተሙት፣ የዕፅዋቱ ሽፋን ከ65 በመቶ ሲያልፍ ጎርፍ የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል አይኖርም። እነዚህ ቦታዎች ሲከለሉ ብዙዎቹ ቁጥቋጦ እንኳ የሳሳባቸው ነበሩ። የመጀመሪያውን ሥራ የሠሩት ሣርና የረገፈ ቅጠል ናቸው፤ ትልልቅ ዛፍ ገና አልነበረም። በደቡብ ደግሞ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር አለ። ጌዴኦዎች እጅግ ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፍን አደራርበው ያለማሉ፤ መሬቱም ዓመቱን ሙሉ ሳይራቆት ይኖራል። ሕዝብ በተጨናነቀበት፣ ገደል በሆነ መሬት ላይ ይህን ያህል ዘመን መታረስ የቻለው ዝናቡ መሬት እስኪደርስ በየደረጃው የሚጠብቀው ነገር ስላለ ነው። የጤፍ አገር እንሰት ይትከል ማለቴ አይደለም፤ በድህነትና በጥበት ውስጥም ሽፋን ማቆየት እንደሚቻል ግን ማስረጃው እዚሁ አለ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በየክረምቱ በችግኝ ብዛት ይለካል። ችግኝ መቁጠር ቀላል ነው፤ ለዜናም ይመቻል። ለአፈሩ የሚጠቅመው ቁጥር ግን ሌላ ነው፤ በሰኔ መጨረሻ፣ ትልቁ ዶፍ ከመምጣቱ በፊት፣ ከመቶ እጅ መሬት ስንት እጁ ተሸፍኗል? ይህን ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልግም። መቶ ቦታ እኩል እየተራራቀ የተቋጠረ ገመድ በማሳው ላይ አግድም ይወጠርና ከገለባ፣ ከሣር ወይም ከረገፈ ቅጠል ላይ ያረፉት ቋጠሮዎች ይቆጠራሉ፤ የተገኘው ቁጥር የሽፋኑ መቶኛ ነው። በተለያየ አቅጣጫ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም የተሻለ ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከሚልኩት የችግኝ ቁጥር ጎን ይህን አንድ ዓምድ ይጨምሩበት፤ የችግኝ ጣቢያዎችም ከዛፉ እኩል የመኖ ሣር ያፍሉ። ሠላሳ ቋጠሮ ያልሞላ ማሳ ያለው ቀበሌ ምን ያህል ችግኝ ቢተክል በሐምሌ አፈሩን መስጠቱ አይቀርም።